እውነት ወይስ ተረት? የትንሿ ካርጎ አውሮፕላን ጀማሪ ፓይለት

ሲልቨር ስፕሪንግ ይሁን ዳላስ፣ አበሻ በተሰበሰበበት «ልጃችን ፓይለት ሆነ» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «የትኛው አየር መንገድ ገባ?» መልሱ «ካርጎ ነው፣ ሴስና ካራቫን ነው የሚያበረው» ከሆነ ጠያቂው «እሰይ፣ ደግ ነው» ይልና ወሬ ይቀይራል። ካራቫን አንድ ሞተር ያላት፣ በአብዛኛው በአንድ ፓይለት የምትበር፣ ሙሉ ጭነቷን ይዛም 4 ቶን ገደማ የምትመዝን አውሮፕላን ናት። ሌሊት ከትልልቅ ጄቶች የወረደውን እሽግ ጠዋት ወደ ትናንሽ ከተሞች የምታደርሰው፣ ማታ ደግሞ ሰብስባ የምትመልሰው እሷና መሰሎቿ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጀማሪ ፓይለቶች የሚያልፉት በዚህ ሥራ ነው። ስለ እነሱ ከሚወራው ውስጥ ግን ተረቱ ይበዛል፤ ግማሽ እውነት የሆነው ደግሞ ከተረቱ ይብሳል።

ተረት፦ «ፈቃዱን ያወጣ ፓይለት በቀጥታ የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ይወጣል»

አዲስ አበባ ላይ ይህ ተረት አይባልም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተማሪውን በራሱ ማሠልጠኛ አስተምሮ፣ ከምረቃ በኋላ ኪው 400 ላይ ረዳት አብራሪ አድርጎ ሲመድብ ኖሯል። ወላጆችም የሚያውቁት ይህንን መንገድ ስለሆነ አሜሪካ ያለ ልጃቸው ዓመት ሁለት ዓመት ሲጉላላ ሰነፈ ብለው ይጠረጥራሉ።

አሜሪካ ውስጥ የንግድ ፓይለት ፈቃድ በ250 የበረራ ሰዓት ይገኛል። የመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን ግን በመደበኛው 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የአቪዬሽን ዲግሪ ላለው 1,000 ይበቃል። ይህ ሕግ የመጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ቡፋሎ አጠገብ በደረሰው የኮልጋን ኤር አደጋ ምክንያት ነው። አውሮፕላኑ ያው እኛ የምናውቀው ኪው 400 ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ በሙሉና መሬት ላይ ያለ አንድ ሰው፣ በድምሩ 50 ሰዎች አለቁ። ኮንግረስ በ2010 ሕጉን አወጣ፣ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። የሚገርመው የዚያ አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ የበረሩ መሆናቸው ነው። መርማሪዎች ያነሡት የሥልጠና ጉድለትና የድካም ጉዳይ ሲሆን፣ ከሕጉ ግን በሕዝብ አፍ የቀረው የሰዓቱ ቁጥር ነው።

ከ250 እስከ 1,500 ያለውን ሰዓት ማን ይሰጣል? አብዛኛው ጀማሪ በአስተማሪነት ይሞላዋል። ትንሿ ካርጎ ደግሞ በደመና ውስጥ በመሣሪያ ለሚያበር ብቸኛ ካፒቴን 1,200 ሰዓት ትጠይቃለች፤ በጠራ አየር ብቻ ከሆነ 500 ይበቃል። እንግዲህ 1,200 ሰዓት የሞላው ወጣት ከአየር መንገዱ በር 300 ሰዓት ቀርቶታል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ከዚህ በታች የምናያቸው ጫናዎች ሁሉ የሚያርፉት ሊሄድ አንድ እግሩን ባነሣ ሰው ላይ ነው። እሱም ሰዓት ይፈልጋል፣ ኩባንያውም እንደሚሄድ ያውቃል።

ተረት፦ «ሰው ስለማይጭን ሥራው ቀላል ነው»

የክረምት ሌሊት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው እንበል። ጭነት መኪናው አውሮፕላኗ ሥር ተጠግቶ ቆሟል። ፓይለቷ መጀመሪያ የምታደርገው ከጅራቷ በታች የብረት ድጋፍ ማቆም ነው፤ አለበለዚያ ኋላዋ ሲጫን አውሮፕላኗ አፍንጫዋን አንሥታ በጅራቷ ልትቀመጥ ትችላለች። ከሾፌሩ ጋር ሳጥን ትቀባበላለች። የውሻ ምግብ፣ የመኪና ጎማ፣ የመድኃኒት ካርቶን ይመጣል። የከበደው ወደፊት፣ የቀለለው ወደኋላ፣ በመጨረሻ መረብ ይታሰርበታል። ሚዛን አጠገቧ የለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ክብደት አምና ትደምርና ትፈርማለች። ከዚያ መሰላል ታመጣለች። የካራቫን ክንፍ ከላይ ስለሆነ ከመሬት ቆሞ ጀርባውን ማየት አይቻልም። ትወጣና ጓንቷን አውልቃ ክንፉን በመዳፏ ትዳብሰዋለች። በባትሪ ብርሃን የማይታይ ስስ ውርጭ በእጅ ይታወቃል፤ እንደ አሸዋ ወረቀት ይሻክራል። ይህን ያህል ውርጭ የክንፉን የማንሳት አቅም ብዙ ሊቀንስ ይችላል። በብርድ ጊዜ ክንፉን በእጅ መዳሰስ ግዴታ የሆነው ካራቫኖች በውርጭ ምክንያት ተደጋግመው ከወደቁ በኋላ፣ በ2005 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ባወጣው ትእዛዝ ነው።

ፓይለቷ ጫኝ ናት፣ ሚዛን ተቆጣጣሪ ናት፣ የአየር ጠባይ ተንታኝ ናት፤ ይህ ሁሉ አልቆ ነው ካፒቴን የምትሆነው። ሲነጋ መድረስ ያለበት ዕቃ ደግሞ ከኋላዋ ተጭኖ ይጠብቃታል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የ1,200 ሰዓቱን ግዴታ በሚጥለው በዚያው የትናንሽ ኩባንያዎች ሕግ መንገደኛ ጭኖ በደመና ውስጥ የሚበር አውሮፕላን ሁለተኛ አብራሪ ሊኖረው ይገባል፤ ሁለተኛ ከሌለ ቢያንስ የሚሠራ አውቶፓይለትና ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጭነት ብቻ ከሆነ ይህ ግዴታ የለም። ስለዚህ አንድ ወጣት ብቻውን፣ በጨለማ፣ በደመና ውስጥ፣ ያለ አውቶፓይለት በእጁ እየበረረ፣ ሬዲዮ እየመለሰ፣ የማረፊያውን ካርታ እያነበበ መሄዱ ሕጋዊ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከኖሩት አሮጌ ባለ ሁለት ሞተሮች መካከል አውቶፓይለት ጨርሶ ያልተገጠመላቸው ጥቂት አይደሉም።

የሕጉ አሳቢነት ለመንገደኛው ነው፤ ትኬት የገዛ ሰው ሊጠበቅ ይገባል፣ ልክ ነው። ግን ከፊት የተቀመጠው ሰው በሁለቱም አውሮፕላን ላይ ሰው ነው። ከኋላው 180 መንገደኛ ያለው ካፒቴን አየሩ ሲከፋ «ዘግይተናል፣ ይቅርታ» ሲል ከጎኑ ረዳት አለ፣ መሬት ላይ ዲስፓቸር አለ፣ መንገደኛው ራሱም ቢቆጣ ለነፍሱ ይሳሳል። ሳጥን ለነፍሱ አይሳሳም፣ አውሮፕላኑ ሲናወጥም አይጮኽም።

ግማሽ ተረት፦ «አለቃው ‹ብረር› ብሎ ያስገድደዋል»

አንዳንድ ቦታ ቃል በቃል እንዲህ ይደረጋል፤ ድሮም ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1919 ኒውዮርክ አጠገብ ቤልሞንት ፓርክ ላይ ሁለት የመንግሥት ፖስታ አብራሪዎች፣ ሊዮን ስሚዝና ሃሚልተን ሊ፣ በጭጋግ አንበርም አሉ። የአየር ፖስታውን ይመሩ የነበሩት የፖስታ ባለሥልጣን ኦቶ ፕሬገር አባረሯቸው። ባልደረቦቻቸው ሥራ አቆሙ። አድማው ያለቀው ዛሬም ደስ በሚል ስምምነት ነው፦ አብራሪውና የአየር ማረፊያው ኃላፊ በአየሩ ላይ ካልተስማሙ፣ ኃላፊው ራሱ አውሮፕላኑ ላይ ወጥቶ ይይ ተባለ። ሊ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ስሚዝ ግን አልተመለሰም። ሊ ከዚያ በኋላ ጡረታው እስኪደርስ በርሮ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ ነው የሞተው። ኃላፊውን አውሮፕላኑ ላይ ማውጣት የመሰለ ደንብ ዛሬ የት አለ? እኔ ብሆን እንዲመለስ አቤት እል ነበር።

ዛሬ «ብረር» የሚል ትእዛዝ በጽሑፍ የሚያወጣ ሞኝ አለቃ ብዙም አይገኝም፤ ትእዛዝ ማስረጃ ነው። ጫናው የሚመጣው በጥያቄ መልክ ነው። «ምን አሰብክ?» የሚል የስልክ መልእክት ይደርሳል። አሥር ደቂቃ ቆይቶ «ሌላው ካራቫን እኮ ገባ» የሚል ይከተላል። ከዚያ «ደንበኛው እየጠየቀ ነው፣ ስንት ሰዓት ልበለው?» ይባላል። በእነዚህ ሦስት መልእክቶች ውስጥ አንድም ሕገወጥ ቃል የለም፤ ለፍርድ ቤት ቢቀርቡ የትጉህ ሠራተኛ ጥያቄ ናቸው። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ግን እያንዳንዷን በትክክል ይተረጉማታል።

ያደገበት ቤትም የራሱን ይጨምራል። ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን ለዓይን አይታይም ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ዋና ፓይለቱን «ጌታዬ፣ ዛሬ አልበርም» ማለት ከሌላው ይልቅ ይከብደዋል። ይሉኝታ ማኅበርና ዕድር ላይ የሚያምር ጠባይ ነው፤ ክንፍ ላይ ውርጭ ሲኖር ግን አይጠቅምም። ይህን የምለው እኛን ለመውቀስ አይደለም፤ ጫናውን በሚገባ የሚያውቁት አሜሪካውያንም ከዚህ አልዳኑም። አላስካ ላይ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርዱ (ኤንቲኤስቢ) በ1980ም በ1995ም ባወጣቸው ጥናቶች ያነሣው ይህንኑ ነው። መንገድ የሌላቸው መንደሮች ፖስታና ምግብ ይጠብቃሉ፣ አየር ማረፊያው፣ የአየር ትንበያውና መሣሪያው ግን ለሚጠበቀው ያህል የተሟላ አይደለም። በዚህ መካከል አብራሪው ሄዶ መድረስን እንደ ሙያው ክብር ይቆጥረዋል፤ አደጋውን መልመድም የአካባቢው ጠባይ ይሆናል።

የጭነቱ ዓይነትም ለብቻው ይገፋል። ከናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ ወደ ሶማሊያ ጫት የሚያደርሱ ትናንሽ አውሮፕላኖችን ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ጫት ከደረቀ ዋጋ የለውም። ፓይለቱን የሚያስቸኩለው አለቃው ከመናገሩ በፊት ቅጠሉ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። ትናንት በዚያው አየር ሄዶ የደረሰው ባልደረባ «ምንም አልነበረም» ይላል። ምናልባት እውነቱን ነው። ምናልባትም ደመናው ውስጥ ምን እንዳየ የማይናገረው ነገር አለ። ሁለቱም ለሰዓት የሚሽቀዳደሙ ጀማሪዎች ሲሆኑ፣ ፈራሁ ማለት ለሁለቱም ያሳፍራል። አንዱ የሌላውን ዝምታ መለኪያ አድርጎ ይነሣል።

ተረት፦ «የዕረፍት ሕግ አለ፤ ስለዚህ ደክሞት አይበርም»

ሕግስ አለ። ኮልጋን ካመጣቸው ለውጦች አንዱ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ የሚሠራው አዲስ የዕረፍት ደንብ ነው። ሥራው ስንት ሰዓት ላይ እንደተጀመረና ሌሊት መሆኑን ሳይቀር ከቁጥር ያስገባል። የሚገዛው ግን የመንገደኛ አየር መንገዶችን ነው፤ ካርጎ እንዲቀር ተደረገ፣ ምክንያት ተብሎ የቀረበውም ወጪ ነበር። ደንቡ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት፣ ኦገስት 14 ቀን 2013 ከመንጋቱ በፊት፣ የዩፒኤስ ኤርባስ ኤ300 ቢርሚንግሃም አላባማ ላይ ለማረፍ ሲቃረብ ወድቆ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። የድምፅ መቅጃው ሁለቱ ስለዚሁ ደንብና ካርጎ ስለመቅረቱ ሲያወሩ ቀርጿቸው ተገኘ። ቦርዱ ድካምን ከአባባሽ ምክንያቶቹ መካከል ቆጠረ፤ ለሐቁ ያህል ግን ረዳት አብራሪዋ ከሥራ ውጭ ያላትን ጊዜ ለእንቅልፍ አለማዋሏንም ተችቷል። ሕግ አልጋ ያዘጋጃል እንጂ አያስተኛም።

የትንሿ ካርጎ ሕግ ከዚያም የላላ ነው። ብቸኛ አብራሪ በ24 ሰዓት ውስጥ 8 ሰዓት፣ በዓመት 1,400 ሰዓት መብረር ይችላል፤ የመንገደኛው አየር መንገድ ጣሪያ 1,000 ነው። ማረፊያው 10 ተከታታይ ሰዓት ስለሆነ የሥራ ቀኑ እስከ 14 ሰዓት ይለጠጣል።

ነገር ግን የእሽግ አብራሪው ወደ 8 ሰዓቱ ጣሪያ እምብዛም አይደርስም፤ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ቢበር ነው። «ታዲያ በምን ደከመው?» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይነሣና አንድ ሰዓት በርሮ ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ዕቃው ተራግፎ ሲያበቃ የማታው ጭነት እስኪሰበሰብ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላል፤ ሞቴል ከተከራዩለት ሞቴል፣ ካልሆነ አየር ማረፊያው ሶፋ ላይ። በጠራራ ፀሐይ ተኛ ቢሉት ሰውነቱ እሺ አይልም። ሲመሽ መልሶ ያበራል፤ ከንጋቱ ይልቅ የደከመው ያኔ ነው፣ ክፉ አየር የሚያጋጥመውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ዶውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ሙከራ፣ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ሆኖ ተገኝቷል። በሥራ መዝገቡ ላይ ግን የዚያ ሰው ቀን «የበረራ ሰዓት፦ 2.1» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ሁለት ተረት በአንድ ላይ፦ «እምቢ ካለ ሕግ ይጠብቀዋል» እና «እምቢ ካለ እንጀራው አለቀ»

የመጀመሪያውን አባቶች፣ ሁለተኛውን ልጆች ያምኑታል።

የአሜሪካ የበረራ ደንብ የአውሮፕላኑ የመጨረሻ ውሳኔ የካፒቴኑ ነው ይላል፤ አሻሚ አይደለም። በ2000 የወጣ ሕግ ደግሞ ስለ ደኅንነት የተናገረን የአየር መንገድ ሠራተኛ ማባረርና መበቀልን ይከለክላል። አቤቱታው የሚቀርበው ለሠራተኞች ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ነው። ስለዚህ «ምንም መብት የለኝም» ማለት ተረት ነው። ግን በቀል ሁልጊዜ በስንብት ደብዳቤ አይመጣም። መጥፎው መስመር፣ መጥፎው ፈረቃ፣ የካፒቴንነት ፈተናው መዘግየት የመሳሰለው ማስረጃ አይተውም።

ጀማሪውን የሚያስፈራው ሌላም መዝገብ አለ። ከ1996 ጀምሮ በሕግ፣ አሁን ደግሞ በኤፍኤኤ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ፣ የፓይለቱ የፈተና ውድቀትና የሥራ ስንብት ቀጣዩ ቀጣሪ ያየዋል። ለመንገደኛው ደኅንነት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ኮልጋንም አስተምሮበታል። 300 ሰዓት ለቀረው ልጅ ግን መልእክቱ አንድ ነው፦ ስምህን አታስነሣ።

በኮንትራት የታሰረም አለ። ኩባንያው ያወጣሁብህን የሥልጠና ወጪ፣ ዓመት ሳይሞላ ብትወጣ ክፈል የሚል ውል ያስፈርማል። በትምህርት ብድር ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ የመጣ ወጣት ላይ ይህ ሲጨመር፣ «አልበርም» የሚለው ቃል ዋጋ ይወጣለታል።

ተረት፦ «ካርጎ የከሸፈ ፓይለት መጠለያ ነው»

ይህ ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ብቻውን በክፉ አየር ውሳኔ የለመደ ሰው የመንገደኛ አየር መንገድ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያፍርበት ነገር የለም። ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ከማቋረጡ በፊት ከሴንት ሉዊስ ቺካጎ ፖስታ ያመላልስ ነበር፤ በ1926 ብቻ ጨለማና ጭጋግ ውስጥ ነዳጁ አልቆበት ሁለቴ በጃንጥላ ዘሏል። ሥራው አስተማሪ ነው። ያልኩት ሁሉ የሚመለከተው የትምህርቱን ክፍያ ማን ይከፍላል የሚለውን ነው።

ልጃችሁ ወይም እናንተ ራሳችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ልትጀምሩ ከሆነ፣ ስለ ደመወዙ ከመጠየቃችሁ በፊት እዚያ የሚሠራ ፓይለት ፈልጋችሁ ለብቻው አነጋግሩት። አውሮፕላኖቹ አውቶፓይለት አላቸው ወይ? ቀን ላይ የት ነው የምትተኙት? ክንፍ የሚያጥብ ማሽን አለ ወይስ አብራሪው በመጥረጊያ ነው? የሥልጠና ውሉ ሰውየው ራሱ ቢባረርም ያስከፍላል ወይ? ባለፈው ክረምት አንበርም ያለው ሰው ማን ነበር፣ አሁንስ የት ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰማ ዝም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ወላጆችም ልጁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ደውሎ «ዛሬ አልበረርኩም» ሲል «ሥራህን እንዳታጣ» አትበሉት። እሱን አለቃው ይለዋል።

ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ቀነ ገደቦች አትርሱ። ሳታስቡ ደንብ ጥሳችሁ ከሆነ፣ ከ1976 ጀምሮ ናሳ በሚያስተዳድረው የደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት በ10 ቀን ውስጥ ካስታወቃችሁ ኤፍኤኤ ቅጣቱን ሊተው ይችላል፤ አደጋና ወንጀል ግን በዚህ አይሸፈንም። ስለ ደኅንነት በመናገራችሁ ከተበቀሏችሁ ደግሞ አቤቱታው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ በ91ኛው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ዘግይታችኋል።